ስላልጠየቁኝ

ባንኮኒ ጀርባ በቆምኩባቸው ዓመታት ሁሉ ገዥ ዋሽቼ አላውቅም። ይህችን ዐረፍተ ነገር ለራሴ እንደ ዳዊት ስደግማት ኖሬአለሁ። ቃል በቃል ከተወሰደች እውነት ናት። ለብዙ ጊዜ ከራሴ የሸሸገችኝም እውነት በመሆኗ ነው። ውሸት ብትሆን ኖሮ ቶሎ በነቃሁባት።

ሥራዬ ጌጣጌጥ መሸጥ ነው። ሙያውን የለመድኩት ፒያሳ፣ ከአንድ ወርቅ ሠሪ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ነው። እንጀራዬን የበላሁት ግን ደምበል አካባቢ፣ ከኦሎምፒያ ወደ መስቀል አደባባይ በሚወስደው መንገድ ነው። ደምበል ሲከፈት አዲስ አበባ እንደዚያ ያለ የገበያ ሕንፃ ገና አልለመደችም ነበር። ሰው ሊገዛ ብቻ ሳይሆን ሊያይም፣ ሊታይም ይመጣ ነበር። ሰርጋቸው የደረሰ እጮኛሞች፣ ክረምት ሲገባ ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶች፣ እቁብ የወጣላቸው የካዛንቺስና የቂርቆስ እናቶች ሁሉም በፊቴ አልፈዋል። አብዛኞቹ ስለ ወርቅ ያውቃሉ። በእጃቸው መዘን አድርገው ግራሙን የሚገምቱም ነበሩ። ፈርጥ ላይ ሲደርሱ ግን ዓይናቸውን ከቀለበቱ አንሥተው ወደ እኔ ያዞሩታል። እኔ የምናዘዘው ስለዚያች ዓይን ነው።

በጣም የሚጠይቁኝ ሰንፔርና ሩቢ ነበር። ሁለቱ በመልክ ይለያዩ እንጂ ማዕድናቸው አንድ ነው፤ ኮረንደም ይባላል። አልሙኒየምና ኦክስጅን ተዋሕደው የሠሩት ድንጋይ ነው። ንጹሑ ቀለም የለውም። ጥቂት ክሮሚየም ሲገባበት ይቀላና ሩቢ ይሆናል፤ ብረትና ቲታኒየም ሲገቡበት ሰማያዊ ሰንፔር ይሆናል። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣው የጥንካሬ መለኪያ 9ኛ ላይ የተቀመጠው እሱ ነው። በዚያ መለኪያ ከበላዩ ያለው አልማዝ ብቻ ነው።

ይህ ድንጋይ ከመሬት ብቻ አይወጣም። ኦገስት ቨርነይ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1902 ከእቶን የሚያወጣበትን መንገድ ለዓለም አሳወቀ። ጥቂት ክሮሚየም ያለበት የላመ የአልሙኒየም ኦክሳይድ ዱቄት በኦክስጅንና በሃይድሮጅን ነበልባል ውስጥ ቀስ እያለ ይረግፋል፤ ሙቀቱ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ዱቄቱ ይቀልጥና ከሥር ባለው ዘንግ ጫፍ ላይ እየተጠራቀመ ያድጋል። በሰዓታት ውስጥ ሩቢ ይሆናል። ምድር ይህንኑ ለመሥራት የምትፈጀው ዘመን በሰው ዕድሜ አይቆጠርም።

ከእቶን መውጣቱ በራሱ ነውር የለበትም። በድሮ የእጅ ሰዓቶች ገጽ ላይ «17 ጁወልስ» ተብሎ የሚጻፈው፣ የጥርሶቹ ዘንጎች እንዳይበሉ ውስጡ የተቀመጡትን ትንንሽ ሰው ሠራሽ ሩቢዎች ለማመልከት ነው። ውድ ሰዓቶች የማይጫር መስታወት ያላቸው ሰው ሠራሽ ሰንፔር ስለሚገጠምላቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ያበራው በሰው ሠራሽ የሩቢ ዘንግ ነበር። ድንጋዩ በሠራበት ቦታ ሁሉ ተከብሮ ሠርቷል። ያላከበርኩት እኔ ነኝ፤ ከየት እንደመጣ ሳልናገርለት በመቅረቴ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት የካዛንቺስ እናት መጡ። ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነው። እቁቡ ወጥቶላቸው ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥረው ይዘዋል። ብዙ ካዩ በኋላ አንድ ባለሰማያዊ ፈርጥ ቀለበት ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ልጄ፣ ይኼ ሰንፔር ነው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ ሰንፔር ነው» አልኳቸው።

መልሴ ትክክል ነበር። በኬሚስትሪ ሚዛን ቢቀመጥ አንድ ፊደል አይጎድለውም፤ ከእቶን የወጣ ሰንፔርም ሰንፔር ነው። ጠዋት በማጉያ አይቼው ስለነበር ከእቶን መውጣቱን አውቃለሁ። ከነበልባል የተወለደ ድንጋይ ውስጡ የተጠማዘዙ ስስ የዕድገት መስመሮች ይኖሩታል፤ አንዳንድ ጊዜም ክብ የአየር አረፋዎች። ከመሬት በወጣው ውስጥ ግን የቀለሙ ሰንበር ቀጥ ብሎ በማዕዘን ይታጠፋል፤ ሌሎች የማዕድን ቅንጣቶችም ይታዩበታል። የዚያን ቀለበት መስመር አይቻለሁ፤ ጥምዝ ነበር። እማማ የጠየቁኝ ግን ስሙን እንጂ ትውልዱን አልነበረም። ስላልጠየቁኝ አልነገርኳቸውም።

በዚህ አላበቃሁም። ከባንኮኒው ሥር የመስኮት ብርጭቆ ቁራጭ አወጣሁና በፈርጡ ጫር አደረግሁት። ብርጭቆው ላይ ነጭ መስመር ቀረ። ፈርጡን በጨርቅ ጠርጌ ወደ ብርሃን አዙሬ አሳየኋቸው፤ አንዳች አልነካውም። «እሰይ!» አሉ፤ ፊታቸው በራ። መሐረባቸውን ፈቱ።

ያ ጭረት ምንም ማስረጃ አይደለም። የመስኮት ብርጭቆ በሞስ መለኪያ 5 ተኩል አካባቢ ነው፤ በየወንዙ ዳር የሚወድቀው ነጭ ኳርትዝ እንኳ ይጭረዋል። ከእቶን የወጣውም ከመሬት የወጣውም ሰንፔር እኩል 9 ስለሆኑ፣ ብርጭቆው ስለ ትውልዳቸው የሚመሰክረው የለም። ይህን ጠንቅቄ አውቃለሁ። እማማ ደግሞ ጭረቱን ያዩት ላልጠየቁት ጥያቄ መልስ አድርገው እንደሆነ አውቃለሁ። አፌ ያልዋሸውን እጄ ዋሸው። እኔ ግን የምቆጥረው የአፌን ብቻ ነበር።

ስለ ዋጋውም ልናገር። ያስከፈልኳቸው የመሬቱን ሰንፔር ዋጋ አልነበረም፤ የእቶኑንም አልነበረም። በሁለቱ መካከል ያለ ዋጋ ነበር። ያ መካከለኛ ዋጋ ከምንም በላይ ያጋልጠኛል። ሙሉውን እንዳልጠይቅ ሌብነት መሆኑን አውቀዋለሁ፤ ተገቢውን እንዳልጠይቅ ለምን እንደረከሰ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ሕሊናዬ ተኝቶ ነበር ማለት አልችልም። ነቅቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ከእኔ ጋር ዋጋ ሲከራከር ነበር።

ከሰርጉ በኋላ እማማ ተመልሰው መጡ። ሳያቸው ልቤ ዘለለ፤ አንድ የሚያውቅ ሰው ነግሯቸው ሊያፋጥጡኝ የመጡ መሰለኝ። የመጡት ጎረቤታቸውን ይዘው ነው። «ይኼ ልጅ አይዋሽም፤ ብርጭቆ ላይ ጭሮ ነው የሚያሳይሽ» አሏት። ጎረቤታቸውም ገዛች። እሷም ስለ ትውልዱ አልጠየቀችም፤ እማማ ጠይቀውላታል ብላ አምናለችና። አንድ ሰው ላይ የጣልኩት ዝምታ በእምነት ላይ ተጭኖ ወደ ሌላ ቤት ሲገባ በዓይኔ አየሁ። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

ለምን አደረግሁት? ለብዙ ጊዜ መልሴ «ገንዘብ» ነበር። ገንዘብ ሁሉም ሰው የሚረዳው ምክንያት ስለሆነ ሲናዘዙትም አይከብድም። ነገር ግን የእኔ ኮሚሽን ያን ያህል አልነበረም፤ ትልቁ ትርፍ የባለሱቁ ነበር። እሱም ዝም በል ብሎኝ አያውቅም፤ ተናገርም አላለኝም። ስለዚህ ሌላ ነገር ፈለግሁ። ማጉያውን ዓይኔ ላይ ሳደርግ ሰዎች ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ትምህርቱን ከመንገድ ያቋረጠ እንደ እኔ ያለ ሰው፣ መኪና ያቆሙ ትልልቅ ሰዎች እንደ አዋቂ ቃሉን ሲጠብቁ ያያል። ያ ደስታ ይጥመኝ ነበር። ያወቅሁትን ካካፈልኳቸው ከእነሱ እኩል የምሆን መሰለኝ። ክብሬ የቆመው በእኔ እውቀት ላይ ሳይሆን በእነሱ አለማወቅ ላይ ነበር።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ደግሞ ተጠራጠርኩት። እውቀት መውደድ ገንዘብ ከመውደድ የተሻለ ስለሚመስል፣ ጥፋቴን ለማስከበር ያመጣሁት ምክንያት ይሆን? ኮሚሽኔ ትንሽ ነበር አልኩ እንጂ አልተውኩትም እኮ። የቤት ኪራይ በከፈለልኝ ቀን ስለ ክብር አላሰብኩም። ሁለቱ በአንድ ማሰሮ የተጣዱ ናቸው ማለት ነው ይበልጥ ለእውነት የሚቀርበው። ከሌላው የበለጠ ማወቅ ራሱ ገንዘብ ነበር፤ እኔም በዝምታ ስመነዝረው ኖርኩ።

ልማዱ የጀመረው ከሰንፔር በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደቡብ ወሎ ደላንታ ውስጥ፣ ወገልጤና አካባቢ፣ የዓለምን ገበያ ያስደነቀ ኦፓል የሚባል ፈርጥ ወጣ። ኅብረ ቀለሙ ሲያዩት የሚያሰክር ነው። ግን ከኮረንደም ጋር ሲነጻጸር ለስላሳ ነው፤ ውሃም ይጠጣል። ሲረጥብ መልኩ ሊለወጥ፣ ሲደርቅ ደግሞ ሊመለስ ይችላል። የገዛች ሴት ዕቃ ስታጥብ ማውለቅ አለባት፤ ሳሙናና ዘይት ልታስነካው አይገባም። ለጠየቁኝ ሁሉ በዝርዝር አስረድቻለሁ። ላልጠየቁኝ ግን ዝም አልኩ፤ ማስጠንቀቂያ የገዥን ልብ ያቀዘቅዛልና። «ጠይቀው ቢሆን እነግራቸው ነበር» የምትለውን መጽናኛ ያገኘሁት ያኔ ነው። ትንሽ ነገር ትመስል ነበር። ሰንፔሩ ሲመጣ የተዘጋጀሁ ሆኜ የጠበቅሁት በዚያች ትንሽ ነገር ነው።

እስካሁን ያወራሁት ከእኔ የሚገዙትን ነው። ለእኔ የሚሸጡትም አሉ፤ እነሱ ላይ የሠራሁት ይብሳል።

በ2009 ዓ.ም. ከአክሱም ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ጭላ በሚባለው አካባቢ ሰንፔር ተገኘ ተባለ። ከጥልቅ ምድር በቀለጠ ዐለት ተጭኖ የወጣ ድንጋይ ነው። የተሸከመው ባዛልት በዘመናት ዝናብና ፀሐይ ሲፈራርስ እሱ በጥንካሬው ሳይፈርስ አፈር ውስጥ ቀረ። ገበሬዎች በመቆፈሪያና በእጃቸው ያወጡት ጀመር። ወሬው አዲስ አበባ ሲደርስ ደላሎች ተንቀሳቀሱ፤ የውጭ ገዥዎችም መጡ። እውነተኛ የኢትዮጵያ ሰንፔር! ከእቶን የወጣውን ስሸጥ ለኖርኩት ለእኔ ይህ ብሥራት መሆን ነበረበት።

አንድ ወጣት ከዚያው ከጭላ በሰው በሰው አግኝቶኝ መጣ። ከረጅም መንገድ የወረደ መሆኑ ከጫማው ያስታውቃል። ከውስጥ ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። ድንጋዮቹ ጥቁር ይመስላሉ። በባትሪ ከጎን ሳበራባቸው ግን ጫፍ ጫፋቸው ላይ ጥልቅ ሰማያዊ ወጣ። ብረት የበዛበት የባዛልት ሰንፔር ጠባዩ ይኸው ነው፤ ይጨልማል። አዋቂ ሰው በልኩ ሲያሞቀው መልኩ ሊሻሻል እንደሚችልም በሙያው ያለ ሁሉ ያውቃል። ዓለም ላይ የሚሸጠው ሰንፔር አብዛኛው በእሳት ያለፈ ነው።

«ጋሼ፣ ጥሩ ነው?» አለኝ።

«ጨለማ ነው» አልኩት።

እውነት ነው፤ ጨለማ ነበር። ከክምሩ መካከል ግን አንዲት ንጹሕ ድንጋይ ነበረች፤ ብርሃን ስትነካት ከዳር እስከ ዳር የምትበራ። ባትሪዬ አንድ ጊዜ አገኛት። ከዚያ በኋላ ባትሪውን ሌሎቹ ላይ ብቻ አዞርኩ። እሷ ላይ ዓይኔ እንዳያርፍ ተጠነቀቅሁ፤ እኔ ትኩር ብዬ ካየኋት እሱም ያያታልና። ክምሩን በአንድ ዋጋ ገዛሁት። አመስግኖኝ ሄደ። ያቺን አንዲት ድንጋይ ለብቻዋ የሸጥኩበት ዋጋ ለጠቅላላው ክምር ከሰጠሁት ይበልጥ ነበር።

እማማን ባታለልኩ ጊዜ ዓይኔን ከዓይናቸው አልነቀልኩም ነበር። ይህን ልጅ ግን ማየት አቃተኝ። ልዩነቱን ያኔ አላስተዋልኩትም። እማማ የተጎዱት በገዙት ነገር ነው፤ እሱ የተጎዳው በራሱ ላብ ነው። መቆፈሪያ የጨበጠው መዳፉ ወረቀቱን ሲያጣጥፍ አይቼዋለሁ። ያየሁትን እንዳላየሁ አደረግሁት።

ከዚያም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጭላ ባለችበት በትግራይ ጦርነት ተነሣ። የክልሉ ስልክ ተቋረጠ። የዚያ ልጅ ቁጥር ስልኬ ውስጥ ነበረ፤ ብደውልም መልስ የለውም። ከሁሉ በላይ መናገር የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው የልጁ ነፍስ አልነበረም። «ድንጋዩ ተቋረጠ» የሚል ሐሳብ ነው። ልጁ ራሱ ቆይቶ መጣብኝ። ምን ያህል እንደቆየ መለካት አልፈልግም፤ መቆየቱ ብቻ ስለ እኔ በቂ ይናገራል። ሰውን የእቃ ማምጫ መንገድ አድርጌ ማየት የጀመርኩት ያን ዕለት ሳይሆን፣ ባትሪዬን ከጥሩዋ ድንጋይ ያዞርኩ ዕለት ነበር።

ይህን ሁሉ አውቄ እንኳ አልተናዘዝኩም። የንስሐ አባቴ ዘንድ ስሄድ ጾም መሻሬን፣ ቁጣዬን፣ መጠጤን እነግራቸው ነበር። አንድ ጊዜ «በሥራህስ፣ የበደልከው ሰው አለ?» ብለው ጠየቁኝ። «አባቴ፣ ገዥ ዋሽቼ አላውቅም» አልኳቸው። የጠየቁኝ ስለ በደል ነበር፤ እኔ የመለስኩት ስለ ውሸት ነው። መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። በእግዚአብሔር ፊትም የተጠየቅሁትን ብቻ ለመመለስ ሞክሬአለሁ ማለት ነው፤ ያውም አጣምሜ።

ዓይኔን የገለጠልኝ አንድ የቂርቆስ ብረት ሠሪ ነው። የመስታወት ሳጥናችን የብረት እግር ተበላሽቶ ሊያድስልን ይዤለት ሄድኩ። ሥራው ላይ የነበረው የግራይንደር ዲስክ፣ ጠረጴዛው ላይ የተከመረው ቡናማ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሁለቱም የተሠሩት ከዚያው ከእኔ ሰንፔር ማዕድን ነው። አልሙኒየም ኦክሳይድ በእቶን ቀልጦ፣ ተፈጭቶ፣ በወንፊት ተለይቶ የተለጠፈ። ብርጭቆ ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት። ጀርባው ላይ ቁጥሩ በትልቁ ታትሟል፦ 80፣ 120፣ 240። ቁጥሩ ሲያንስ ቅንጣቱ ይሻክራል፤ ሲበዛ ይልማል። ማንም ሳይጠይቀው ማን መሆኑን ጀርባው ላይ ተሸክሞ የሚዞር ኮረንደም።

የሳጥኑን እግር ጭረት የማለሰልስበት ብርጭቆ ወረቀት እንዲሸጥልኝ ጠየቅሁት። አንዱን አነሣሁ። «ወንድሜ፣ ያ አይሆንህም» አለኝ። «ርካሽ ነው፤ ግን ቅንጣቱ ቶሎ ይረግፍብህና ደግመህ ትገዛለህ። ይኼኛውን ውሰድ፤ አንድ ይበቃሃል።» አልጠየቅሁትም። ሁለት ቢሸጥልኝ ይጠቀም ነበር። የብርጭቆ ወረቀት ዋጋ ምን ያህል ነው? እሱ ግን ለዚያች ታህል ነገር እንኳ ሳልጠይቀው ነገረኝና ወደ ሥራው ዞረ፤ ያደረገው ነገር ትዝም ያለው አልመሰለኝ። እኔ ለአንዲት እናት የእቁብ ገንዘብ ያልተናገርኩትን እሱ ለአንድ ቅዳጅ ወረቀት ተናገረ።

ከዚያ በኋላ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩና እንደገና ነገርኳቸው፤ በዚህ ጊዜ ሳይጠይቁኝ። «የወሰድከውን መልስ» አሉኝ። የወንጌሉ ዘኬዎስ አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ሲገባ የበደላቸውን የት እንደሚያገኝ ሳያውቅ አይቀርም። እኔ እማማን ፍለጋ ካዛንቺስ ስሄድ ሰፈሩ የለም። በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪው ወደየአቅጣጫው ሄዷል። የት ገቡ ብዬ የምጠይቀው ጎረቤት እንኳ አብሮ ተነሥቷል። ለመናዘዝ የዘገየሁት እኔ ነኝ፤ ከተማዋ እንድትጠብቀኝ የመፈለግ መብት አልነበረኝም።

አሁን ደረሰኝ ላይ እጽፋለሁ። «ሰው ሠራሽ ሰንፔር፣ ከእቶን» ብዬ፣ ገዥው ሳይጠይቅ። በእሳት የታከመ ከሆነም ያንኑ። አንዳንዱ ፊቱን አጥቁሮ ይወጣል። አንዳንዱ ዋጋው ሲነገረው ደስ ብሎት ይገዛል፤ እሱ የሚፈልገው ሰማያዊነቱን ነውና። ይህን ያህል ዓመት የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር። እዚህም ግን ራሴን እጠረጥራለሁ። «ይኼ ሰው እውነተኛ ነው» ሲሉኝ ያቺ የድሮዋ ደስታ፣ ማጉያ ዓይኔ ላይ ሳደርግ የምትመጣው፣ ትመጣለች። መናገሬም ለእነሱ ይሁን ለእኔ ሁልጊዜ አይለይልኝም። ቢሆንም እጽፋለሁ። ልቤ እስኪጠራ ብጠብቅ ገዥው ሳያውቅ ይሄዳል።

ይህን የምታነቡ ሰዎች የፈርጥ ነጋዴዎች ላትሆኑ ትችላላችሁ። ግን በክረምት የሚያፈስ ጣሪያ ያለውን ቤት በበጋ ያሳየን አለን። ግጭት ደርሶባት የተቀባችውን መኪና ገዥው ሞተሩን ብቻ ሲያዳምጥ ዝም ብለን ያየን አለን። ሽማግሌ ሆነን የሰው ልጅ ልንጠይቅ ሄደን፣ «የልጁ ሥራ ምንድን ነው?» ተብለን ሥራውን የተናገርን፣ ስለ መጠጡ ግን ስላልተጠየቅን ቡናችንን ጠጥተን የተመለስን አለን። አንዳችንም አልዋሸንም። የዋሸ ሰው አንድ ቀን ይያዛል፤ ዝም ያለውን ግን የሚይዘው የለም። ሌላው ሰው የማይጠይቀው ምን መጠየቅ እንዳለበት ስለማያውቅ ነው፤ እኛ ግን እናውቃለን። የማያውቅ ሰው አለመጠየቁን የእሱ ጥፋት አድርገን ስንቆጥር፣ ያመነንን ሰው ስላመነን እየቀጣነው ነው።

እማማ ወይም ልጃቸው፣ ወይም ያቺ ጎረቤት ይህን ካያችሁት፣ ቀለበቱን ይዛችሁ ኑ፤ ካዛንቺስ ሳሉ የምታውቋቸው ሰዎች ካነበባችሁትም ንገሩልኝ። ወርቁ ወርቅ ነው፤ በዚያ አልነካኋችሁም። የፈርጡን ልዩነት እመልሳለሁ። የጭላውም ልጅ በሕይወት ካለ፣ የዚያች ንጹሕ ድንጋይ ገንዘብ የእሱ ነው፤ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። ይህ ሥራዬን ንጹሕ አያደርገውም፤ ዕዳውን ከመክፈል በላይ ስምም አይገባውም። አንድ ቀን እማማ ባንኮኒው ፊት ቆመው «ልጄ፣ ይኼ ሰንፔር ነው?» ቢሉኝ፣ መልሴ አሁንም «አዎ» ነው። ከዚያ ሳያስጨርሱኝ መሐረባቸውን ሊፈቱ ቢሉ እጃቸውን ይዤ፣ «ይቆዩኝ እማማ፣ ገና አልጨረስኩም» እላቸዋለሁ።